ዕቅዱ ዘሌዋውያን ላይ ለምን ይቆማል?

መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት አንብቦ ለመጨረስ የጀመረ ሰው ብዙ ነው። ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። 66ቱ መጻሕፍት በድምሩ 1,189 ምዕራፎች አሏቸው። በቀን ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ምዕራፍ ከተነበበ ዓመቱ ሲያልቅ መጽሐፉም ያልቃል። ዘፍጥረት 50 ምዕራፍ ነው፤ ታሪኩ ራሱ ይዞ ይሄዳል። ዘጸአት 40 ነው፤ ባሕሩ እስኪከፈል ድረስ ማን ያቆማል? ከዚያ ወር እንኳ ሳይሞላ ዘሌዋውያን ይመጣል። የመሥዋዕት ሥርዓት፣ የስብና የኩላሊት ነገር፣ የለምጽ ምርመራ። አንድ ቀን ይዘለላል። ሁለተኛው ይከተላል። በሦስተኛው ቀን ውዝፉ ዘጠኝ ምዕራፍ ደርሷል። ከዚያ ዝም።

እኔ እዚያ ቦታ አራት ጊዜ ቆሜያለሁ። በየጊዜው ራሴን ሰነፍ ብዬ ሰድቤ አልፌዋለሁ። ስንፍናው አይካድም፤ ግን ዋናው ችግር ሌላ ነበር። ያ ንባብ ምን እንዲያደርግልኝ እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ሐሳቤ በሙሉ መጨረሱ ላይ ነበር። ጾሙም፣ ጸሎቱም፣ ሌላውም መንፈሳዊ ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

"ራስህን አስለምድ"

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ "እግዚአብሔርንም ለመምሰል ራስህን አስለምድ" ይለዋል (1 ጢሞ. 4፥7)። የግሪኩ ቃል ከስፖርት ሜዳ የመጣ ነው። ጂምናዚየም የምንለው፣ አሁን አሳጥረን "ጂም" የምንለው ቃል ሥሩ ከዚያው ነው። እንግዲህ ሐዋርያው ወጣቱን አገልጋይ ጂም ግባ እያለው ነው ማለት ይቻላል፤ ለነፍሱ።

የአማርኛ ተርጓሚዎቹ "አስለምድ" ማለታቸውን ግን ይበልጥ እወደዋለሁ። ወይፈን ቀንበር የሚለምደው አንድ ቀን ነው? ማስለመድ ጊዜ ይፈልጋል። ድግግሞሽ አለው። የማይመች ነገር አለው። ደስ ባለን ቀን ብቻ የምናደርገው ነገር አያስለምድም።

የልምምዶቹ ስም እንደየቤተ ክርስቲያኑ ይለያያል። አንዱ ተጋድሎ ይላል፣ ሌላው ጥሞና፣ ሌላው ዲሲፕሊን። ውስጡ ሲታይ ግን ያው ነው፦ ጸሎት፣ ቃሉን ማሰላሰል፣ ጾም፣ ምጽዋት፣ ዝምታ፣ ኑዛዜ፣ ዕረፍት፣ ከሌሎች ጋር ማምለክ። አዲስ ፋሽንም አይደሉም። በአንደኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ እንደተጻፈች የሚታመነው ዲዳኬ የምትባል ትንሽ መጽሐፍ፣ ክርስቲያኖች ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ፣ አባታችን ሆይን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸልዩ ታዝዛለች።

እንቅልፍን በግድ ማምጣት አይቻልም

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሰው የሚለወጠው በጸጋ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? በጥረት ከሆነ ደግሞ ጸጋ ምን ሊሠራ ነው? በዚህ ላይ ክርስቲያኖች ለዘመናት ተከራክረዋል። ጨርሼ እፈታዋለሁ አልልም። እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ።

እንቅልፍን አስቡ። እንቅልፍን በትእዛዝ ማምጣት የቻለ ሰው የለም። "አሁን ተኛ!" ብሎ ራሱን የሚያዝ ሰው ጭራሽ ዓይኑ ይፈጥጣል። ሆኖም ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። መብራት ይጠፋል። ስልክ ይቀመጣል። ሰውነት ይጋደማል። ከዚያ እንቅልፉ ራሱ ይመጣል። እኛ ሰዓቱንና ቦታውን አዘጋጀን እንጂ እንቅልፉን አልሠራነውም።

ትዕግሥትም እንዲሁ ነው። ነገ ጠዋት ተነሥቼ ታጋሽ እሆናለሁ ማለት ይቻላል፤ እስከ ቁርስ ላይቆይ ይችላል። ነገ ጠዋት አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ ማለት ግን በእጄ ያለ ነገር ነው። ልምምድ ማለት ይኸው ነው፤ በእጃችን ያለውን ትንሽ ነገር እናደርጋለን፣ በእጃችን የሌለውን ለሚሠራው እንተዋለን። ጌታ በማርቆስ 4 የተናገረው ገበሬ ዘሩን ዘርቶ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ዘሩ ይበቅላል፣ ያድጋል፤ እርሱ እንዴት እንደሆነ አያውቅም። ሳይዘራ የተኛ ገበሬ ግን አላየንም። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ 2 መዳናችሁን ፈጽሙ ካለ በኋላ ትንፋሽ ሳይወስድ በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሁለቱን ለያይቶ አንዱን የጣለ ሰው ወይ ይታበያል ወይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ማመስኳት

ወደ ንባብ እንመለስ። መዝሙር 1 ላይ ብፁዕ የተባለው ሰው ሕጉን በቀንና በሌሊት ያስባል። በዕብራይስጥ ቃሉ "ሐጋ" ነው። ድምፅ አለው፤ ማጉረምረም፣ ማነብነብ ማለት ነው። በኢሳይያስ 31፥4 አንበሳ ያደነውን ይዞ ሲያገሣም ይኸው ቃል ነው የገባው። እንግዲህ ማሰላሰል ዓይን ጨፍኖ በሐሳብ መንሳፈፍ አይደለም። አንድን ቃል በአፍ ይዞ ማላመጥ ነው።

የጥንት መነኮሳት ይህን ከሚያመሰኩ እንስሳት ጋር ያመሳስሉት ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጊጎ ሁለተኛው የተባለ መነኩሴ ነገሩን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በዝምታ ማረፍ። ንባቡ ምግቡን ወደ አፍ ያስገባል ይላል፤ ማሰላሰል ያኝከዋል፤ ጸሎት ጣዕሙን ያወጣል፤ አራተኛው ጣፋጭነቱ ራሱ ነው። በቀን ሦስት ምዕራፍ እየዋጡ ሳያኝኩ የሚሮጡ ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው ከዚህ መገመት ይቻላል። ሆድ ይሞላል፣ ሰውነት አይጠቀምም።

በተግባር እንዲህ ነው። አምስት ወይም ስድስት ቁጥር ምረጡ። ድምፅ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። እንደገና አንብቡ። አንድ ቃል ወይም ሐረግ ይዞ ካስቀራችሁ እዚያው ቁሙ። "ለምን ይህ ነካኝ?" በሉ። ከዚያ ስለዚያው ለእግዚአብሔር ንገሩት። ምንም ያልነካችሁ ቀንም ይኖራል፤ ዝም ብላችሁ አንብባችሁ ተነሡ። ሙሉውን መጽሐፍ በፍጥነት ማንበብን አልነቅፍም፤ አጠቃላይ ታሪኩን ለማወቅ ያስፈልጋል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ጸሎት፦ የራስ ቃልና የተዘጋጀ ቃል

ሰዎች ስለ ጸሎት ሲጠይቁኝ ብዙ ጊዜ የሚሉት "ምን እንደምል ይጠፋኛል" ነው። ይህ እንዲያውም ጥሩ መነሻ ነው። ደቀ መዛሙርቱም የጠየቁት "መጸለይን አስተምረን" ብለው ነው፤ እርሱም የሚሉትን ቃል ሰጣቸው።

የተጻፈ ጸሎትን የሚንቁ አሉ፤ ከአንገት በላይ ነው ይላሉ። በራስ ቃል መጸለይን የሚጠራጠሩም አሉ። እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ልቤ ሲደርቅ የሌላ ሰው ቃል ይሸከመኛል። ልቤ ሲሞላ ደግሞ የተጻፈው አይበቃኝም። ለመጀመሪያው 150ዎቹ መዝሙራት አሉ። ውስጣቸው ምስጋና ብቻ የሚመስለው ሰው አላነበባቸውም። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚል ጸሎት እዚያ አለ። (በአንዳንድ እትም መዝሙር 12፣ በሌላው 13 ነው፤ ቁጥሩ ቢለያይባችሁ አትደንግጡ፣ የግሪኩና የዕብራይስጡ አቆጣጠር ልዩነት ነው።) እንዲህ ያለ ቅሬታ በቅዱስ መጽሐፍ ገብቶ ጸሎት ከተባለ፣ የእኛም ብሶት ቦታ አለው ማለት ነው።

ጊዜ የለኝም ለሚል ደግሞ አጭር ጸሎት አለ። ዮሐንስ ካሲያን የተባለው አባት ከግብፅ በረሃ መነኮሳት ተምሮ ያስተላለፈው አንድ ሐረግ ነው፤ "አምላክ ሆይ፣ ልታድነኝ ተመልከት፤ ጌታ ሆይ፣ ልትረዳኝ ፍጠን" ከሚለው መዝሙር የተወሰደ። ስትበላ፣ ስትሠራ፣ ስትፈተን፣ ስትተኛ በለው ይላል። በ17ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ በአንድ ገዳም ወጥ ቤት ይሠራ የነበረው ወንድም ሎውረንስም ከድስቶቹ መካከል ሆኖ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገርን ልምዱ አድርጎት ነበር። ሕፃን የታቀፈች እናት አንድ ሰዓት ተንበርክካ መጸለይ አልቻልኩም ብላ ራሷን ስትከስ ስሰማ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ስለ ጾምና ስለ ዝምታ በአጭሩ

ጌታ በማቴዎስ 6 "ስትጾሙ" ይላል፤ "ብትጾሙ" አይልም። ጾም ከሁሉ በላይ የሚያደርገው ነገር ማጋለጥ ነው። የጠገበ ሰው ደግ መሆን አይከብደውም። ሆዱ ባዶ ሲሆን ከአፉ የሚወጣውን ስድብ ያየ ሰው ግን ውስጡ ምን እንደነበረ ያውቃል። ይህ የጾሙ ክሽፈት አይደለም፤ ምርመራው ውጤት አሳየ ማለት ነው። ኢሳይያስ 58ን ለማንበብ ጥሩው ጊዜ ያኔ ነው፤ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁ ሰዎችን ነቢዩ እንዴት እንደሚናገራቸው እዩ። ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ከምግብ ጋር የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ከምግብ አይጹም። ስልክንና ወሬን መጾም ማንንም አልጎዳም።

ዝምታን ብዙ ሰው ይፈራዋል። ዝም ስንል የሚመጣው መጀመሪያ ሰላም አይደለም፤ ያልከፈልነው ዕዳ፣ ያስቀየመን ሰው፣ የነገ ሥራ ነው። ይምጣ። ኤልያስ በኮሬብ ነፋሱንና የምድር መናወጡን አሳልፎ ነው "ትንሽ የዝምታ ድምፅ" የሰማው። እዚያ ከመድረሱ በፊት ደግሞ መልአኩ ያደረገለትን ልብ በሉ። አልሰበከለትም። ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ በመካከሉ አስተኛው። ለወራት በደንብ ሳይተኛ "በመንፈስ ደክሜያለሁ" የሚል ሰው ካለ ምናልባት የሚያስፈልገው ትራስ ይሆናል።

ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት የሚመጣው ጋኔን

ሁሉም ልምምድ አንድ ቀን ይሰለቻል። መጀመሪያ ላይ ሙቀት አለ፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ይደርቃል። ብዙዎች እዚህ ላይ "አንድ ነገር ተበላሸ" ብለው ይተዉታል።

በ399 እ.ኤ.አ. በግብፅ በረሃ ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ይህን ነገር ከማንም በላይ በደንብ ገልጾታል። ሰውን የሚዋጉትን ክፉ ሐሳቦች ስምንት ብሎ ሲዘረዝር አንዱን ከሁሉ ከባድ አለው። በግሪክ አኬዲያ ይባላል፤ በእኛ ሀኬት ብንለው ይቀርባል። በመዝሙር ያለውን "የቀትር ጋኔን" የሚለውን ስም ይሰጠዋል። ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ይዋጋል ይላል። የጥንቱ አቆጣጠር እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ስለሚጀምር ሰዓቱን መቀየር እንኳ አያስፈልገንም። መነኩሴው ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል፤ ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል። ደጋግሞ በመስኮት ያያል። የመብያው 9 ሰዓት ስንት እንደቀረው ለማየት ይወጣል። ሊጠይቀው የሚመጣ ወንድም እንዳለ ዙሪያውን ይቃኛል። ከዚያ ቦታው ያስጠላዋል። ሌላ ቦታ ብሆን ይሻለኝ ነበር፣ እግዚአብሔርን ማስደሰት በቦታ አይወሰንም ይላል።

ይህ ሰው ስልክ አልነበረውም! እኛ በመስኮት ማየቱን ወደ ስክሪን ቀየርነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ጸሎት ጀምረን በሦስተኛው ደቂቃ ኖቲፊኬሽን እናያለን። ልምምዱ ሲደርቅ አፕ እንቀይራለን፣ የንባብ ዕቅድ እንቀይራለን፣ ቤተ ክርስቲያን እስከ መቀየር የሚደርስም አለ። የበረሃ አባቶች ምክር አሰልቺ ነው፦ ከበዓትህ፣ ከምትጸልይባት ጠባብ ክፍል፣ አትውጣ። ትንሽ አድርግ፣ ግን እዚያው ቆይ። ድርቀቱ ያልፋል፤ ኤቫግሪዮስ ከትግሉ በኋላ የሚከተለው ሰላምና የማይነገር ደስታ ነው ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የዘመኑ ጥናት ልጨምር። ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚባለው ወሬ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ይዘው ሲከታተሉ፣ አንድ ቀላል ነገር ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን ድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆነ። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። ደስ ያለኝ ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። ውዝፉን ለመክፈል ዘጠኝ ምዕራፍ በአንድ ሌሊት ማንበብ አያስፈልግም ማለት ነው። የዛሬውን ብቻ።

ማን ይመስክር?

አንድ ጊዜ ደብተር ነበረኝ። የጸለይኩበትን ቀን ራይት እያደረግሁ 43 ቀን ያለማቋረጥ ሄድኩ። ለራሴ ትንሽ ከፍ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ "አንተ ስትጸልይ ቤቱ ውስጥ መራመድ ያስፈራል" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ድስት ካንኳኳች እጮኻለሁ። በር ከተዘጋ እቆጣለሁ። 43 ራይት፣ አንድ የተሳቀቀች እህት።

ደብተሩን አልጣልኩትም። ግን እድገትን እንደማይለካ ገባኝ፤ የሚለካው መገኘትን ነው። ሥልጠና ላይ መገኘት አንድ ነገር ነው፤ ሜዳው ሌላ። ሜዳው ገላትያ 5 ላይ የተዘረዘሩት ዘጠኙ ናቸው፦ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት እያለ ይሄዳል። ስለነዚህ ከእኛ ይልቅ አብሮን የሚኖር ሰው ይመሰክራል። ድፍረቱ ካላችሁ ጠይቁት። "ካለፈው ዓመት ጋር ሲተያይ ከእኔ ጋር መኖር ቀለለ ወይስ ከበደ?" መልሱን ስትሰሙ አትከራከሩ።

ለራስ ደግሞ ማታ ማታ የሚደረግ አጭር ምርመራ አለ። ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ16ኛው መቶ ዘመን አምስት ነጥብ አድርጎ አስተምሮታል፤ ታመሰግናለህ፣ ብርሃን ትለምናለህ፣ ቀኑን ሰዓት በሰዓት ትቃኛለህ፣ ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ለነገ ትወስናለህ። ከምስጋና መጀመሩ በዘፈቀደ አይደለም። ከጥፋት የጀመረ ሰው ከጥፋት አይወጣም። በዚህ ልምምድ ሰላም አጥቶ በፍርሃት የሚዋጥ፣ ያንኑ ኃጢአት አሥር ጊዜ ተናዞ የማያርፍ ሰው ካለ ብቻውን አይግፋበት፤ ካህኑን ወይም መጋቢውን ያናግር፣ ጭንቀቱ ከበረታ ሐኪምም ያናግር። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ የሚለው ሰው ለብቻው እንዲታገል ስላልተፈለገ ነው።

ሌላው አደጋ ውዳሴ ከንቱ ነው። ምጽዋት፣ ጸሎት፣ ጾም፤ ጌታ በማቴዎስ 6 ለሦስቱም ያዘዘው አንድ ነገር ነው፦ በስውር። ቀኝ እጅ የሠራውን ግራ እጅ እንዳታውቅ ከተባለ፣ ስቶሪ ላይ መለጠፉ የት ሊገባ ነው? ምስክርነት ነው የሚል ክርክር አለ፤ አንዳንዴም እውነት ነው። አንድ ቀላል ፈተና አለኝ፤ ማንም ላይክ ባያደርገው ይከፋኛል? ከከፋኝ መልሱ ታውቋል።

ከየት ይጀመር?

አንድ ነገር ምረጡ። ሁለት አይደለም። ትንሽ ይሁን፤ ታሞም፣ ደክሞም የሚቻል። ከነበረ ልማድ ጋር አያይዙት፦ ፊት ከመታጠብ በኋላ፣ ስልክ ከመከፈቱ በፊት። ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ለአንድ ብቻ። የልምምዱ ዓይነት ከድካማችሁ ጋር ቢገናኝ ይመረጣል። ወሬ ለሚያበዛ ዝምታ። ለሚሰስት ምጽዋት። ብቻውን መደበቅ ለሚወድ የኅብረት ጸሎት። ሁልጊዜ ለሚሮጥ አንድ የዕረፍት ቀን። የሚቀለንን ብቻ ከመረጥን ጠንካራውን ክንድ ብቻ እንደሚያሠራ ሰው እንሆናለን።

ዘሌዋውያን ላይ ለቆማችሁ ደግሞ አንድ የግል ምክር አለኝ። ውዝፉን ተዉትና ምዕራፍ 19ን ክፈቱ። ጌታ ከትእዛዛት ሁለተኛዪቱ ያላት "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" የምትለው ቃል ቁጥር 18 ላይ ናት፤ ዕቅዳችን ብዙ ጊዜ ከእርሷ ጥቂት ምዕራፎች ሲቀሩት ነው የሚሞተው። ምዕራፉን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቁጥር እያላችሁ አላምጡት። እኔ ባለፈው ቁጥር 13 ላይ ቆምኩ፤ የሠራተኛው ዋጋ እስከ ነገ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ጸሎቱን በግማሽ አቁሜ ያልከፈልኩትን ሰው ደወልኩለት።